ፓኔሉ ጣሪያ ላይ፣ ላፕቶፑ ጥላ ውስጥ

(ይህ ጽሑፍ በጥቅምት ወር ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና የወረዳ የትምህርት ባለሙያዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ሳሰፍረው ድግግሞሹን ከመቀነስ በቀር አልነካካሁትም።)

የተከበራችሁ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን፣ ከየወረዳው የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ስትገቡ ከደረጃው አጠገብ፣ ሣሩ ላይ፣ ወንበር ተደግፎ የቆመ ጥቁር ሰሌዳ አይታችኋል። የኔ ነው። ባለ 50 ዋት የፀሐይ ፓኔል ሲሆን ከወንበሩ ሥር ያለችው ሳጥን ባትሪና መቆጣጠሪያ ይዛለች። ይህን ንግግር የማነብበት ላፕቶፕ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የሚሠራው በእሷ ነው። አዳራሹ መብራት እንዳለው አላጣሁትም፤ ላሳያችሁ ብዬ ነው። ስገባ መቆጣጠሪያው 38 ዋት ያነብ ነበር። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ስለ ፀሐይ ኃይል ሊናገር የተነሣ ሰው ሁሉ አገራችን በፀሐይ የታደለች መሆኗን በማብሰር ይጀምራል። እኔ ይህን እዘለዋለሁ፤ ቃል በቃል ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ነውና። የ13 ወር ፀጋ እያልን ለቱሪስት ስናስተዋውቀው ኖረናል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት እንደሌለው ለናንተ መንገርም ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2025 ሁሉንም ቤት ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመሩ ውጭ፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል፣ ብሎ ነበር። ዓመቱ ደርሷል፤ የብዙዎቻችሁ ትምህርት ቤት ዘንድ ግን ምሰሶው አልደረሰም። ደረሰ ቢባልም ምሰሶ መቆምና መብራት መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

እኔ የመጣሁት ፀሐይዋ ኮምፒውተሩ ዘንድ ስለምትደርስበት መንገድ ላወራችሁ ነው። አጭር መንገድ ይመስላል። በአንድ ታሪክ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት «ሶላሩ አልሠራ ብሎናል» ብሎ ጠራኝ። በእርዳታ ያገኟቸው 15 ላፕቶፖች አሉ፤ ጠንካራ ናቸው፣ ጥጋቸው በላስቲክ የተሸፈነ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታጣፊ ፓኔል ያላቸው። ደርሼ ፓኔሎቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ሁሉም ይሠራሉ። ችግሩ ያለው ከፓኔሉ የሚመጣው ገመድ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካባት ቀጭን ጫፍ ላይ ነበር። ልጆቹ ሲሰኩ ሲነቅሉ ላልታለች። ከ15ቱ 9ኙ የቆሙት በዚያች ጫፍ ምክንያት ነው። ምትኳ ደግሞ ገበያ ውስጥ የለችም፤ አምራቹ ለራሱ ዕቃ ብቻ ያበጃት ናት። የቀሩት 6 ደህና ናቸው። ደህና የሆኑት ግን ካርቶናቸው ውስጥ ስለነበሩ ነው። ካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ቁልፍ፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ፣ ኃላፊው ወረዳ ስብሰባ። ሦስት ቀን ጠበቅሁት።

ሲመጣ ልቆጣው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ሰውየው በሞዴል 19፣ በንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ ፈርሞ ተረክቧል። አንዱ ላፕቶፕ ቢሰበር ከደመወዙ እንደሚቆረጥበት ያምናል፤ ዓመቱን ሙሉ ቢቆለፍ ግን ማንም አይጠይቀውም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር።

ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያች ጫፍና ከዚያ ቁልፍ የተቀዳ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። በፀሐይ የሚሠራ፣ ለገጠር የሚሆን ጠንካራ ላፕቶፕ የሚባለው ሐሳብ 20 ዓመት አልፎታል። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉት፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ለእያንዳንዱ ልጅ የ100 ዶላር ላፕቶፕ እናዳርሳለን ብለው ተነሡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቱኒስ በተካሄደው የኢንፎርሜሽን ኅብረተሰብ ጉባኤ ናሙናውን ይዘው ቀረቡ። አረንጓዴ ነው፣ ጎኑ ላይ ቢጫ መዘውር አለው፤ መብራት የሌለበት ልጅ መዘውሩን እያሽከረከረ ይሠራል ተባለ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን በካሜራ ፊት ሊያሽከረክሩት ሲሞክሩ መዘውሩ ተነቀለ። ኋላም ለምርት ሲደርስ መዘውር የሚባል ነገር ላፕቶፑ ላይ አልነበረም። የልጅ ክንድ ለረዥም ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ትንሽ ነው፤ የመዘውሩ ግፊትም አካሉን ያናጋል። ዋጋውም 100 ዶላር አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ማምረት ሲጀመር ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር።

ላፕቶፑ ኤክስኦ ይባላል። በመዘውሩ የሳቁበት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከውስጡ ከፍቼ ካየሁት በኋላ ባርኔጣዬን ባወልቅለት አላፍርም። ማራገቢያ የለውም፤ ስለዚህ አቧራ አይስብም። የሚሽከረከር ዲስክ የለውም። የፊደል ሰሌዳው አንድ ወጥ ላስቲክ ስለሆነ ውኃ አያሳልፍም። የፕሮጀክቱ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩት ሜሪ ሉ ጄፕሰን የነደፉት ማያ ብርሃኑ ሲጠፋ እንደ ወረቀት የፀሐይን ብርሃን አንጸባርቆ ይነበባል፤ ይህ በዛሬው ላፕቶፕ እንኳን እምብዛም የማይገኝ ነገር ነው። ኃይሉን በተመለከተ ከ11 እስከ 18 ቮልት ያለ ማንኛውንም ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀበላል፤ ከመኪና ባትሪም፣ ከትንሽ ፓኔልም። አንድ ነገር ልጨምር፤ መያዣው ውስጥ መለዋወጫ ብሎኖች ተቀምጠውለት ነበር። ብሎን እንደሚጠፋ ያሰበ መሐንዲስ አለ ማለት ነው! ከነዚህ ላፕቶፖች 5 ሺህ ገደማ የሚሆኑት፣ የአማርኛ ፊደል ሰሌዳ ይዘው፣ ወደኛም አገር መጥተዋል። በእጃችሁ ያለፈ ካላችሁ በኋላ አናግሩኝ፤ መጨረሻቸው የት እንደሆነ ከናንተ መስማት እወዳለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፓኔሉን ከላፕቶፑ ጋር አንድ አካል ለማድረግ ሞከሩ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ክዳኑ ላይ ፓኔል የተለጠፈበት አነስተኛ ላፕቶፕ አወጣ፤ ኬንያ ውስጥም አስተዋወቀው። ኩባንያው ራሱ የተናገረው ስሌት የሁለት ሰዓት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ሥራ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አንድ የካናዳ ኩባንያ ሶል የተባለውን አስተዋወቀ፤ ፓኔሎቹ እንደ ክንፍ ከክዳኑ ላይ ይዘረጋሉ፣ ተነቅለውም ለብቻቸው ፀሐይ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ዋጋው 350 ዶላር ይሆናል ተብሎ ነበር። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ ይመኘዋል። እኔም ተመኝቼዋለሁ።

አሁን ግን እርሳስ አውጡና አብረን እናስላ። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትቆም በአንድ ሜትር ካሬ ላይ 1,000 ዋት ያህል ይወርዳል። ጥሩ ፓኔል ከዚህ ውስጥ 20 በመቶውን ይይዛል። የላፕቶፕ ክዳን 30 በ20 ሳንቲሜትር ነው እንበል። 12 ዋት ይወጣዋል። ይህም ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ክዳኑ በቀጥታ ወደ ፀሐይዋ ዞሮ ነው። ልጁ ላፕቶፑን ሲከፍት ክዳኑ ይቆማል፤ ፓኔሉ ያኔ የሚያየው የክፍሉን ግድግዳ ነው። ደጅ ወጥቶ ልሥራ ካለ ማያው አይነበብም። ዘግቶ ፀሐይ ላይ ቢተወው ደግሞ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እየተሞላ ከኖረ ዕድሜው ያጥራል።

ላፕቶፕ ጥላ ይፈልጋል፣ ፓኔል ፀሐይ። እናቶቻችን በርበሬውን የሚያሰጡት ደጅ ነው፤ ወጡን የሚሠሩት ጓዳ ነው። በርበሬው ይድረቅልኝ ብሎ ምድጃውን ደጅ የሚያወጣ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ እናፋታቸው። አንድ ክፍል ውስጥ 20 ላፕቶፖች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ሲሠራ በአማካይ 12 ዋት ይወስዳል፤ በቀን 3 ሰዓት ይሠራል። 20 በ12፣ በ3 ስናባዛው 720 ዋት ሰዓት። በገመድ፣ በባትሪና በመቀየሪያ የሚባክነውን ስንጨምር ወደ 1,000 ይጠጋል። በጥቅምት ፓኔሉ በቀን 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፤ በሐምሌና ነሐሴ ደጋው ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ብንል ይሻላል። ለክረምቱ ስናሰላው 300 ዋት ገደማ ይበቃናል። ዛሬ ገበያ ላይ አንድ ነጠላ ትልቅ ፓኔል 400 ዋት ይሰጣል። ስፋቱ ሁለት ሜትር ካሬ ነው፤ የአንድ በር ያህል። ቆርቆሮው ላይ የታሰረ አንድ በር 20 ተማሪ ያሠራል ማለት ነው። 20 ትናንሽ ፓኔል፣ 20 ቀጭን ገመድ፣ 20 የምትላላ ጫፍ ለምን?

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሜ ስለማይ ቆም ልበል። ትምህርት ቤቶች ፓኔል ይተክላሉ፣ ባትሪ ይገዛሉ፣ ቀጥሎ ኢንቨርተር ይገዛሉ። የባትሪው 12 ቮልት በኢንቨርተሩ ወደ 220 ይወጣል፤ ከዚያ የላፕቶፑ ቻርጀር መልሶ ወደ 19 ወይም 20 ቮልት ያወርደዋል። ውኃውን ኮረብታ አውጥቶ መልሶ ሜዳ ማውረድ ነው፤ በየመንገዱ ይፈሳል። ኢንቨርተሩ ደግሞ ምንም ሳይሰካበት እንኳን በርቶ ካደረ ባትሪ ይጠጣል። ባትሪውንም ከመኪና የወጣ አድርገው የሚገዙ አሉ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ነው፤ ለአንድ አፍታ ብዙ ሰጥቶ ወዲያው ይሞላል። በየቀኑ ሙጥጥ እየተደረገ ሲወርድ ዓመት ሳይሞላው ይደክማል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ነው፤ መግዣው ይከብዳል፣ ግን ሁለት ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ሞልቶ ይወርዳል።

የኢንቨርተሩን ነገር የሚያቃልል አንድ ደስ የሚል ለውጥ አለ፤ ዩኤስቢ ሲ። ይህ ስልካችሁ ላይ ያለው ሞላላ ቀዳዳ ዛሬ ላፕቶፕንም ይሞላል፤ እስከ 20 ቮልት፣ እስከ 100 ዋትና ከዚያም በላይ። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ ላፕቶፖች በዚህ እንዲሞሉ ሕግ አውጥቷል። ለኛ ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ያቺ ምትክ ያጣሁላት ቀጭን ጫፍ ከእንግዲህ በየስልክ መለዋወጫ ሱቁ ትገኛለች ማለት ነው። ለመኪና የተሠራ የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ሲያያዝ ላፕቶፑን ያለ ኢንቨርተር ይሞላል። ደጅ ያቆምኩት ሳጥን ውስጥ ያለው እሱ ነው። ላፕቶፑን በቀጥታ ከፓኔሉ ጋር አታያይዙት፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ኃይሉ ስለሚወዛወዝ ብዙው ላፕቶፕ አልቀበልም ይላል። ባትሪው በመካከል ሆኖ ያረጋጋዋል።

ስለ ጥላም ልንገራችሁ። በፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች አንዱ ከአንዱ ተያይዘው ነው የሚሠሩት፤ እንደ ውኃ ቱቦ አንድ ቦታ ላይ ከታጠፈ ሁሉም ይታነቃል። በትንሽ ፓኔል ላይ መዳፍ የምታህል ጥላ ከግማሽ በላይ ኃይሉን ልትወስድ ትችላለች። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የባንዲራ ምሰሶ፣ የወፍ ኩስ ሳይቀር። ሰኔ ላይ ሲተከል ያልነበረ ጥላ ታኅሣሥ ላይ ይመጣል፣ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ትሄዳለችና። በሳምንት አንድ ቀን በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውለው ልጅ መድቡ።

ወደ ጥንካሬው እንምጣ። ማስታወቂያዎች ላይ ሁለት ነገር ታነባላችሁ። አንዱ አይፒ 65 የሚል ዓይነት ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው አሃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውኃ ይናገራል፤ 6 ሲሆን አቧራ ፈጽሞ አይገባም ማለት ነው። ሌላው የአሜሪካ ጦር መለኪያ ነው። ከ122 ሳንቲሜትር ከፍታ፣ በየጎኑና በየጥጉ፣ 26 ጊዜ ተጥሎ መሥራት። ልብ በሉ፣ የትኛውን ፈተና እንደሚፈተን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ ነው፤ ተማሪ የሚያውቀውን ጥያቄ ብቻ መርጦ እንደመፈተን ነው።

ማስታወቂያ ላይ የማታገኙት የኛ አገር ፈተናም አለ። ከፍታ። የሚሽከረከር ዲስክ ውስጥ ያለችው ማንበቢያ ከዲስኩ በላይ የምትንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ዝቅ ትላለች፣ ትፍቃለች። ስለዚህ አምራቾች ለብዙዎቹ ዲስኮች ዋስትና የሚሰጡት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከናንተ መካከል ከዚያ በላይ የሚያስተምር እንዳለ አውቃለሁ። «ብርድ ነው የገደለብን» ብላችሁ የላካችሁልኝ ኮምፒውተር ይህ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሚሽከረከር አካል የሌለውን ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ የሚባለውን፣ አስገቡበት።

አይጥም አለች። ለአይጥ ቁጥር የሰጠ መለኪያ አላገኘሁም። ገመዱን በብረት ቱቦ ውስጥ አሳልፉት።

እንግዲህ ምን እንግዛ ለምትሉኝ መልሴ ብዙዎችን አያስደስትም። እኔ ለአንድ ልዩ ላፕቶፕ የሚወጣውን ገንዘብ ይዤ፣ ቢሮ ውስጥ ያገለገለ ተራ ላፕቶፕ እገዛለሁ፤ ባትሪው በብሎን የሚፈታ፣ ኤስኤስዲ ያለው፣ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ። የተረፈውን ለፓኔሉ፣ ለባትሪው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወረዳችሁ ከተማ ስልክ ለሚጠግነው ወጣት እከፍላለሁ። ያ ልጅ ማያ መቀየር፣ ጫፍ መበየድ ያውቃል። ልዩው ላፕቶፕ ግን ልዩ ስለሆነ ብቻ አይነካውም። ለምድረ በዳ ቅየሳ፣ ለማዕድን ፍለጋ፣ በዝናብ ውስጥ ለሚመዘግብ ሠራተኛ ጠንካራው ይግባው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላለው የመማሪያ ክፍል ግን ላስቲክ የለበሰ ጥግ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

አንድ የኛው አገር ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኔግሮፖንቴ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ላልደረሳቸው ልጆች፣ በእያንዳንዱ መንደር 20 ያህል ታብሌት በታሸገ ሳጥን አስቀምጦ ሄደ። መመሪያ የለም፣ አስተማሪ የለም። እሳቸው እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ወሬው ዓለምን ዞረ። ልጆቻችን ጎበዞች ናቸው፤ በዚህ አልከራከርም።

እኔን የሳበኝ ግን በዜናው ጥግ ላይ የተጻፈው ነበር። ታብሌቶቹ የሚሞሉት በፀሐይ ነው፤ የመሙያውን አጠቃቀም ቀድመው የተማሩት የመንደሩ አዋቂዎች ናቸው። በየሳምንቱ ደግሞ አንድ ቴክኒሻን እየመጣ የማስታወሻ ካርዶቹን ይቀይር ነበር። ብቻቸውን የተተዉ የሚባሉት ልጆች ከኋላቸው ኃይል የሚሞላ ጎረቤትና ሳምንት የማይዘል ባለሙያ ነበራቸው። እነዚያ ሰዎች ዜና አልሆኑም።

የፔሩንም አስታውሱ። ያች አገር ከ800 ሺህ በላይ ኤክስኦ ላፕቶፖችን አከፋፈለች። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም፤ በአጠቃላይ የማገናዘብ ችሎታ ላይ ግን ጥቂት መሻሻል አይቷል። እኛም የራሳችንን አይተናል፤ ፕላዝማው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ መንገዱን ይቀጥላል፣ ክፍሉ ግን ጨለማ ውስጥ ይቀራል፤ ሲመለስ ምዕራፉ አልፏል። የኔ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፔዲያ ቢያንስ መብራት እስኪመጣ ይጠብቃችኋል። የአማርኛው ትንሽ ነው፤ እሱን ማሳደግ ደግሞ ፓኔል አይጠይቅም።

ወደ ቁልፉ ልመለስና ልጨርስ። በዚያ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊው፣ ርዕሰ መምህሩና እኔ ተቀምጠን አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ጻፍን። በሥራ ላይ እያለ የተሰበረ ላፕቶፕ ለጥገና ይላካል፤ በቸልተኝነት ካልሆነ ማንም አይከፍልም፤ የቁም ሣጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ ለክበቡ ተጠሪ መምህር ይሰጣል። ሁሉም ፈረሙበት። ላፕቶፖቹ ወጡ። እኔ በዚያ ጉዞ የሠራሁት ትልቁ የኤሌክትሪክ ጥገና ያ ወረቀት ነበር። ግልባጩን ላባዛላችሁ እችላለሁ።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት ቁጥራችንን እንይ። 38 ብለን ነበር የጀመርነው። ረዳቴ በመስኮቱ በኩል እጁን እያወዛወዘልኝ ነው... 11 ይላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የለም። ይቅርታ፣ እዚህ ካላችሁት አንዱ፣ ቡናማ ጃኬት፣ ሙቀት ሆኖባችሁ አውልቃችሁ ወንበሩ ጀርባ ላይ የሰቀላችሁት፣ እጅጌው ፓኔሉ ላይ ወድቋል። ብታነሡልኝ።